በጂቡቲ በኩል ወደ ሙሩሮዋ

ሻርል ደ ጎል በ1966 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ረጅም ጉዞ በታሪክ መጻሕፍት የሚነሳው ብዙውን ጊዜ በፕኖም ፔን ስለ ቬትናም ጦርነት ባሰሙት ንግግር ነው። በጂቡቲ ደግሞ የሚነሳው በረብሻው ነው። የጉዞው ሰሌዳ ግን ለብቻው ተነጥሎ ሲነበብ ሌላም ነገር ያሳያል። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ነሐሴ 19 ቀን 1958 ዓ.ም. (ኦገስት 25 ቀን 1966) ጂቡቲ ገቡ። ነሐሴ 21 አዲስ አበባ ደረሱ። ከዚያ ወደ ካምቦዲያ፣ ከካምቦዲያ ወደ ኑቬል ካሌዶኒ፣ ቀጥሎም ወደ ታሂቲ አመሩ። በመስከረም 1 ቀን 1959 ዓ.ም. በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ሙሩሮዋ በምትባል የዛጎል ደሴት አጠገብ በጦር መርከብ ላይ ሆነው የአቶም ቦምብ ሲፈነዳ አዩ። በማግስቱ ፓሪስ ተመለሱ።

እንግዲህ ጂቡቲ የመጀመሪያዋ ማረፊያ ነበረች፤ ትልቁ ትርኢት ደግሞ ሙሩሮዋ። በሁለቱ መካከል ቀጥተኛ የምክንያትና የውጤት ሐረግ መዘርጋት አይቻልም። ፈረንሳይ ጂቡቲን የያዘችው ቦምብ ለመሥራት አልነበረም። ከተማዋ የባብ ኤል መንደብ በር ጠባቂ፣ የባቡሩ ራስና የኢትዮጵያ ንግድ ወደብ በመሆኗ ነበር የተያዘችው። ቢሆንም በዚያ ዓመት ከባሕር ማዶ የቀሩትን ግዛቶች አጥብቆ የመያዙ ፖሊሲና የቦምቡ መርሐ ግብር በአንድ ሰው እጅ ነበሩ፤ በአንድ ጉዞም ታዩ። ቦምቡ ለምን ያንን ያህል የሩቅ ደሴት እንደጠየቀ ለመረዳት ደግሞ ትንሽ ፊዚክስ ማለፍ ግድ ነው።

መጀመሪያ ጂቡቲ። የከተማዋ ፖለቲካ ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ቁስል ነበረበት። በ1958 እ.ኤ.አ. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ግዛቲቱ ከፈረንሳይ ጋር እንድትቀጥል ሲወሰን «እምቢ» የሚለውን ወገን የመሩት ማሕሙድ ሐርቢ ከሥልጣን ወጡ፤ ከአገርም ተሰደዱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ከእርሳቸው በኋላ ጥያቄው አልጠፋም፤ ጸጥ አለ እንጂ። ደ ጎል ነሐሴ 19 ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማው ሲገቡ መንገድ ዳር ለአቀባበል ከወጣው ሕዝብ መካከል ሙሉ ነጻነት የሚጠይቁ መፈክሮች ብቅ አሉ። ከጸጥታ ኃይሎች ጋር ግጭት ተነሳ። በማግስቱ በላጋርድ አደባባይ ሊደረግ የታሰበው የሕዝብ ንግግር ተሰረዘ። አደባባዩ ስሙን ያገኘው ከሌዎንስ ላጋርድ ነው፤ የጂቡቲ የመጀመሪያው ገዥ፣ በኋላም በምኒልክ ቤተ መንግሥት የፈረንሳይ መልእክተኛ የነበሩት፣ ንጉሠ ነገሥቱም የእንጦጦ መስፍንነት ማዕረግ የሰጧቸው ሰው ናቸው።

ፕሬዚዳንቱ የተናገሩት በአደባባዩ ፈንታ በግዛቲቱ ምክር ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። የንግግሩ ፍሬ ነገር አጭር ነበር፦ እዚህም እዚያም የታዩት ጽሑፎችና የጥቂቶች ግርግር የሕዝቡን ፈቃድ አይገልጹም፤ ፈቃዱ በዴሞክራሲ መንገድ ከተገለጸ ግን ፈረንሳይ ታከብረዋለች። በውጭ ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሰውም ቆስሏል። ወር ሳይሞላ ፓሪስ አዲስ ሕዝበ ውሳኔ እንደሚደረግ አሳወቀች።

ደ ጎል ከጂቡቲ ወደ አዲስ አበባ ሲሻገሩ የተቀበሏቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የራሳቸው ሐሳብ ነበራቸው። ፈረንሳይ ከወጣች ጂቡቲ የኢትዮጵያ ናት የሚለውን አቋም በዚያው መስከረም ለጋዜጠኞች በግልጽ ተናግረዋል። ሶማሊያም በበኩሏ የእኔ ናት ትል ነበር። የጂቡቲ ሰው ግን በሦስት አቅጣጫ ሲጎተት የራሱን ቃል የሚሰማለት ጠፋ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ፊዚክሱ። በ1938 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በርሊን ውስጥ ኦቶ ሃንና ፍሪትስ ሽትራስማን ዩራኒየምን በኒውትሮን ሲመቱ ባልጠበቁት ቦታ ባሪየም አገኙ። ከናዚ ሸሽታ ስዊድን የነበረችው ሊዘ ማይትነርና የእህቷ ልጅ ኦቶ ፍሪሽ ነገሩን ተረጎሙት፦ ከባዱ የዩራኒየም እምብርት ለሁለት ተሰንጥቋል። ከእያንዳንዱ ስንጠቃ የሚወጣው ጉልበት 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው፤ አንድ የከሰል አቶም ሲቃጠል ከሚሰጠው በብዙ ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። ይህ ብቻውን ግን ቦምብ አያደርግም። አንድ እምብርት ተሰንጥቆ የሚሰጠው ጉልበት ለዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ትልቁ ጥያቄ ስንጠቃው ሌላ ስንጠቃ ይወልዳል ወይ የሚለው ነበር።

መልሱን ፈልገው ካገኙት መካከል በፓሪስ የኮሌዥ ደ ፍራንስ ሰዎች ግንባር ቀደም ነበሩ። ፍሬዴሪክ ዦልዮ፣ ሃንስ ፎን ሃልባንና ሌቭ ኮቫርስኪ በ1939 ጸደይ አንድ ስንጠቃ ከአንድ በላይ አዲስ ኒውትሮን እንደሚያወጣ በመለኪያ አሳዩ። ቁጥሩን ሦስት ተኩል አሉት፤ እውነተኛው ሁለት ተኩል ገደማ ነው፤ ድምዳሜው ግን ያው ነው። ባልደረባቸው ፍራንሲስ ፔረን ደግሞ በዚያው ዓመት በሜይ ወር አንድ ስሌት አሳተመ። የጠየቀው ቀላል ነገር ነው፦ ሰንሰለቱ ራሱን ችሎ እንዲቀጥል ምን ያህል ዩራኒየም በአንድ ቦታ መከማቸት አለበት? ለዚህ መጠን «ወሳኝ» የሚለውን ስም የሰጠው እርሱ ነው።

የስሌቱ ሐሳብ ይህ ነው። ከስንጠቃ የወጣ ኒውትሮን ሦስት ዕጣ አለው፦ ሌላ እምብርት ይሰነጥቃል፤ ሳይሰነጥቅ ይዋጣል፤ ወይም ከቁሱ ወጥቶ ይጠፋል። የሚያመልጠው በገጽታው ላይ ነው፤ የሚወለደው ግን በውስጡ ሁሉ ነው። ሉሉ ሲያድግ ይዘቱ ከገጽታው ይልቅ በፍጥነት ያድጋል፤ ስለዚህ የማምለጫው ድርሻ ይቀንሳል። ከምድጃ የወጣ ትንሽ ቂጣ ወዲያው ሲቀዘቅዝ ድፎ ዳቦ ግን ሙቀቱን ይዞ የሚቆየው በዚሁ ሕግ ነው። ከእያንዳንዱ ስንጠቃ ከሚወጡት ኒውትሮኖች በአማካይ አንዱ አዲስ ስንጠቃ ሲያደርስ ሰንሰለቱ ራሱን ይደግማል፤ ይህ የሚሆንበት ትንሹ ክምችት ወሳኙ መጠን ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ሰንሰለቱ ይሞታል። ከዚያ በላይ ከሆነ በየትውልዱ ይበዛል።

ፔረን ለዩራኒየም ኦክሳይድ ያገኘው ቁጥር 40 ቶን ነበር፤ የሚያመልጡትን ኒውትሮኖች የሚመልስ የብረት ወይም የእርሳስ ሽፋን ቢደረግበት 12 ቶን። ስሌቱ በጊዜው በነበረው እውቀት የተሠራ በመሆኑ ቁጥሩ ትክክል አልነበረም። ስሌቱ ያስቀመጠው መርሕ ግን ጸና፦ ወሳኙ መጠን በክብደት ብቻ የሚወሰን ሳይሆን በቅርጹ፣ በጥራቱ፣ በጥግግቱና በዙሪያው ባለው ነገር ይለወጣል። በተፈጥሮ ዩራኒየም ውስጥ በቀላሉ የሚሰነጠቀው ዓይነት፣ ዩራኒየም 235፣ 0.7 በመቶ ብቻ ነው፤ ቀሪው ኒውትሮኑን አብዛኛውን ጊዜ ውጦ ያስቀራል። ንጹሕ ዩራኒየም 235 ቢገኝ ያለ ሽፋን 50 ኪሎ ግራም ገደማ ይበቃል። ፕሉቶኒየም 239 ከሆነ 10 ኪሎ ግራም፤ ይህም ዲያሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሉል ነው።

ያኔ የ37 ዓመት ጎልማሳ የነበረው ፔረን በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። በ1951 የፈረንሳይ አቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን የሳይንስ ኃላፊ ሆነ፤ ደ ጎል ጂቡቲ ሲገቡ አሁንም በቦታው ነበር። ኮሚሽኑን ያቋቋሙት ደ ጎል ራሳቸው ናቸው፤ በኦክቶበር 1945፣ ከሂሮሺማ ሁለት ወር በኋላ። ስለ አሜሪካኖቹ ቦምብ ሥራ የሰሙት ግን ቀደም ብለው ነው፦ በጁላይ 1944 ኦታዋ ሲያልፉ በዚያ መርሐ ግብር የነበሩ ፈረንሳውያን ሳይንቲስቶች ምሥጢሩን በአጭሩ ሹክ ብለዋቸዋል።

የፈረንሳይ ቦምብ በፕሉቶኒየም የተጀመረው በምርጫ ብቻ አይደለም። ዩራኒየም 235ን አንጥሮ የሚያወጣው የፒየርላት ፋብሪካ ለቦምብ የሚበቃ ንጹሕ ምርት መስጠት የጀመረው በ1967 ነው። ፕሉቶኒየም ግን ከተፈጥሮ ዩራኒየም ውስጥ በሬአክተር ይበቅላል፤ የማርኩል ሬአክተሮች ከ1956 ጀምረው ይሠሩ ነበር። የመጀመሪያው ፍንዳታ የካቲት 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1960) በአልጄሪያ ሰሐራ፣ ሬጋን አጠገብ ተደረገ፤ ጉልበቱ 70 ሺህ ቶን ቲኤንቲ ያህል ነበር። ቀጥለው ሦስት ሌሎች በአየር ላይ፣ ከዚያም 13 በሆጋር ተራሮች ሥር ፈነዱ። በሜይ 1962 ከተራራው ሥር የተደረገው አንዱ ፈንድቶ ጭሱ በመውጣቱ ለማየት የመጡ ሚኒስትሮች ሳይቀሩ ተበክለዋል። አልጄሪያ በዚያው ዓመት ነጻ ስትወጣ የኤቪያን ስምምነት ለፈረንሳይ በሰሐራ አምስት ዓመት ብቻ ሰጣት። ስለዚህ ሌላ ባዶ ቦታ አስፈለገ፤ የፓስፊክ ደሴቶች ተመረጡ። «ባዶ» የሚለው የጦር ሠራዊቱ ቃል ነው፤ በዙሪያው ሰው ይኖር ነበር።

ኢትዮጵያ የዚህን ነገር አቅጣጫ ቀድማ አይታዋለች። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. (ኖቬምበር 24 ቀን 1961) የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ውሳኔዎችን አከታትሎ አሳለፈ። የመጀመሪያው፣ ቁጥር 1652፣ አፍሪካ ከኒውክሌር ጦር መሣሪያ ነጻ ቀጣና ሆና እንድትታይ የሚጠይቅ ነው፤ በ55 ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞ፣ በ44 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ሁለተኛው፣ ቁጥር 1653፣ በኢትዮጵያ አነሳሽነት ከሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ጋር የቀረበ ነው፤ የኒውክሌር መሣሪያን መጠቀም የመንግሥታቱን ድርጅት ቻርተር የሚጥስና በሰው ዘርና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ሲል ያውጃል። 55 አገሮች ደገፉት፤ 20 ተቃወሙት፤ 26 ድምፅ አልሰጡም። ፈረንሳይ ከተቃዋሚዎቹ መካከል ነበረች።

የውሳኔው መግቢያ ከጠቀሳቸው የቆዩ ሕጎች አንዱ የመርዝ ጋዝን የከለከለው የ1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል ነው። ኢጣልያ ያንን ፕሮቶኮል ፈርማ ሳለ በ1928 ዓ.ም. በማይጨውና በሌሎች ግንባሮች በኢትዮጵያ ላይ ይፔሪት የተባለውን መርዝ ጋዝ ረጭታለች። ውሳኔ 1653ን ያቀረበች አገር የፊርማን ዋጋ ከማንም በላይ ታውቅ ነበር፤ ቢሆንም ያንኑ የሕግ መንገድ መረጠች። በግንቦት 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎችም አፍሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነጻ ለማድረግ ተስማምተዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈላቸው እንግዳ ወደ ቦምብ ፍንዳታ እየሄዱ የነበሩት ሰው ናቸው። ዲፕሎማሲ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመው ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል።

ታሂቲ ላይ ግን ሌላ ዓይነት አቀባበል ገጠማቸው። የደሴቲቱ ተመራጭ የነበረው ጆን ቴአሪኪ በፓፔቴ ፊት ለፊት ቆሞ በጽሑፍ ያዘጋጀውን አቤቱታ አነበበላቸው፦ ሙከራውን እንዲያቆሙ፣ ወታደሩን፣ ቦምቡንና አውሮፕላኑን ጭነው ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ጠየቃቸው። በጂቡቲ በመፈክር የተባለው እዚህ በወረቀት ተባለ፤ የፓፔቴው ወረቀት ግን መልስ አላገኘም።

ቦምቡ «ቤቴልጌዝ» የሚል የኮከብ ስም ተሰጥቶት በባሉን ተንጠልጥሎ ከባሕሩ በላይ 470 ሜትር ገደማ ተሰቅሎ ነበር። የታሰበው ሴፕቴምበር 10 ቀን ነበር፤ ነፋሱ ሰው ወዳለባቸው ደሴቶች ይነፍስ ስለነበር ለአንድ ቀን ተራዘመ። በማግስቱም ነፋሱ ልክ አልሆነም፤ የፕሬዚዳንቱ ሰሌዳ ግን አይጠብቅም ነበር። ጠዋት ፈነዳ። ደ ጎል «ደ ግራስ» በተባለችው መርከብ ላይ ሆነው አዩት። በአዲስ አበባ ሰዓት ሲቆጠር የእንቁጣጣሽ ምሽት ነበር።

ጉልበቱ 110 ሺህ ቶን ቲኤንቲ ያህል እንደነበረ ይነገራል፤ እዚህ ላይ ስሌቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንድ ኪሎ ግራም ፕሉቶኒየም ሙሉ በሙሉ ቢሰነጠቅ 17 ሺህ ቶን ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ በዚያች ቅጽበት የተሰነጠቀው ስድስት ኪሎ ግራም ተኩል አይሞላም። አንድ ትውልድ ስንጠቃ የሚፈጀው ጊዜ የሰከንድ አንድ መቶ ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። ከአንድ ስንጠቃ ተነስቶ በየትውልዱ እጥፍ ቢሆን፣ ሰማንያ አንድ ትውልድ ሲሞላ የአንድ ኪሎ ግራም ሙሉ አቶሞች ይሰነጠቃሉ፤ ይህ ሁሉ ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ከዚያ ቁሱ በራሱ ሙቀት ተበትኖ ከወሳኙ በታች ይወርድና ሰንሰለቱ ይቆማል። አብዛኛው ጉልበት የሚወጣው ከመበተኑ በፊት ባሉት የመጨረሻ ጥቂት ትውልዶች ነው። የቦምብ ሠሪ ጭንቀትም ይኸው ነው፦ ቁሱን ለዚያች ቅጽበት ያህል አንድ ላይ መያዝ።

በአይንሽታይን ቀመር ብናሰላው ወደ ብርሃንና ወደ ሙቀት የተለወጠው ቁስ አምስት ግራም ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው ስድስት ኪሎ ምናምን የትም አልጠፋም። ስንጠቃ አቶሙን ወደ ሁለት ቁራጭ ይለውጠዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ቁራጮቹም ጨረር አፍላቂ ናቸው። አዮዲን 131 በስምንት ቀን በግማሽ ይቀንሳል፤ በወተት በኩል ወደ ልጆች እንቅርት ዕጢ ይሄዳል። ሲዚየም 137 እና ስትሮንሺየም 90 በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ገደማ ይፈልጋሉ፤ ስትሮንሺየም እንደ ካልሲየም አጥንት ውስጥ ይገባል። ፊዚሲስቶቹ ወሳኙን መጠን በቁጥጥር ሥር አውለው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን የነፋስ ጉዳይ ነው። በዚያ ቀን ነፋሱ ወደ ምዕራብ ነፈሰ፤ እስከ ኩክ ደሴቶች፣ ሳሞአና ፊጂ ድረስ የነበሩት የኒውዚላንድ መለኪያዎች ከፍ ያለ ጨረር መዘገቡ። ፈረንሳይ በአየር ላይ ማፈንዳቷን ያቆመችው በ1974 ነው፤ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ሄግ ፍርድ ቤት ከከሰሷት ከአንድ ዓመት በኋላ።

ጂቡቲ ላይ ሕዝበ ውሳኔው መጋቢት 10 ቀን 1959 ዓ.ም. ተደረገ። ወደ 60 በመቶው ከፈረንሳይ ጋር መቀጠልን መረጠ ተባለ። ድምፁ ከመሰጠቱ በፊት ብዙ ሶማሌዎች ከከተማው ተባርረዋል፤ የድምፁ አከፋፈልም በአፋርና በኢሳ መካከል ነበር፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ንጹሕ የሕዝብ ቃል መውሰድ ያስቸግራል። ከተማዋ በሽቦ አጥር ታጠረች። የግዛቲቱ ስምም ተለወጠ፤ የአፋርና የኢሳ የፈረንሳይ ግዛት ተባለች። ነጻነት የመጣው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንሳይ አየር ላይ ማፈንዳቷን ካቆመች ከሦስት ዓመት በኋላ።

ፔረን እንደገና አንድ ጊዜ ብቅ ይላል። በ1972 የፒየርላት ላብራቶሪ ከጋቦን የመጣ ዩራኒየም ሲለካ ዩራኒየም 235 ከሚገባው 0.7202 በመቶ ወርዶ 0.7171 ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ከቁብ የማይገባ ይመስላል፤ ቦምብ በሚሠሩበት ቤት ግን አንድ ግራም እንኳ ከጠፋ ምርመራ ይከፈታል። መልሱን በሴፕቴምበር ለሳይንስ አካዳሚው ያሳወቀው ፔረን ነበር፦ ከሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በኦክሎ መሬት ውስጥ ዩራኒየሙ በራሱ ወሳኙን መጠን አልፏል። ያኔ የ235 ድርሻ ከሦስት በመቶ በላይ ነበር፤ በድንጋዩ ስንጥቅ የገባው ውሃ ደግሞ ኒውትሮኖቹን አዝግሞ ለስንጠቃ አመቻቸ። ውሃው ሲፈላና ሲተን ሰንሰለቱ ይቆማል፤ ሲመለስ ይቀጥላል። ይህ ለመቶ ሺዎች ዓመታት ሲደጋገም ምንም አልፈነዳም። ወሳኙን መጠን ማለፍና መፈንዳት አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱ በፍጥነቱና ቁሱን በመያዙ ላይ ነው።

በሴፕቴምበር 1996 ለፊርማ የቀረበው የኒውክሌር ሙከራን ሁሉ የሚከለክለው ስምምነት በአባሪው ከዘረዘራቸው የዓለም መከታተያ ጣቢያዎች ሁለቱ በጂቡቲ ናቸው። አንዱ በአርታ የመሬት ንዝረት የሚመዘግብ ነው። ሁለተኛው ጆሮ የማይሰማውን ዝቅተኛ የድምፅ ሞገድ የሚይዝ ሲሆን፣ አየር ላይ የሚፈነዳ ነገር በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ቢሆንም ያገኘዋል። ኢትዮጵያም በፉሪ የንዝረት ጣቢያ አላት። ፈረንሳይ ሙከራዋን በጃንዋሪ 1996 አቁማ ስምምነቱን በ1998 አጽድቃለች። ስምምነቱ ራሱ ግን እንዲጸና ማጽደቅ ካለባቸው 44 አገሮች ጥቂቶቹ ስላላጸደቁት እስከ ዛሬ በሥራ ላይ አልዋለም፤ ጣቢያዎቹ ግን መመዝገባቸውን አላቆሙም።